«ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ» ብቻ አይበቃም!

እስቲ ከአገር ርቆ የሄደ ዘመዳችሁ የጻፈላችሁን ደብዳቤ አስታውሱ። «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን፣ ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ» ብሎ የማይጀምር አይታችኋል? ኮሪያ የዘመተውም፣ ኮንጎ የዘመተውም፣ ለትምህርት ሩሲያ የሄደውም፣ ለሥራ ዓረብ አገር የሄደችውም እንዲሁ ነው የሚጀምሩት። ጥሩ ሰላምታ ነው። እኔም ስንቴ ጽፌዋለሁ።

ታዲያ ይህች «በስተቀር» የምትባል ቃል ሆደ ሰፊ ናት። ወባውም፣ ዝናቡም፣ ያልተደረሰበት ለቅሶም፣ እንቅልፍ ያጣ ሌሊትም እሷ ውስጥ ይገባና ድምፁ ይጠፋል። ቤት የሚደርሰው «ደህና ነኝ» የሚለው ቃልና ከኋላው የሚከተለው ገንዘብ ብቻ ነው። በዚያ ገንዘብ የሚማር ታናሽ ወንድም ካለ ደግሞ፣ ልጁ ያየውን ይዞ ሒሳብ ይሠራል። ያላየውን ከየት አምጥቶ ይደምረው?

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚሁ ሒሳብ ነው። እኔ ላይቤሪያ የዘመትኩ ወታደር ነበርኩ። ወንድሜ ደግሞ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። በመካከላችን የተመላለሱት ደብዳቤዎች ልጁ ከትምህርት ገበታው ሊነሳ ሲል የተጻፉ ናቸው። ውጪ አገር ወንድም ወይም እህት ላላችሁ፣ እናንተም ውጪ ሆናችሁ ታናናሾቻችሁን ለምታስተምሩ ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ከጣና ዳር እስከ ላይቤሪያ

የተወለድነው ዘጌ ነው። ዘጌን ለማታውቁ፣ ከባሕር ዳር በጀልባ የሚደረስበት፣ ወደ ጣና ሐይቅ ገባ ያለ ደናማ መሬት ነው። እነ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ያሉት እዚያ ነው። ከጥንት በመጣ ቃል ኪዳን መሠረት በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል ስለሆነ፣ ሰው የሚኖረው በቡናና በጌሾ ነው። ቡናው ሲያፈራ እህል ይሸመታል፤ ቡናው የከዳ ዓመት ደግሞ… ይታወቃል።

በ1990 ዓ.ም. አባታችን ሲያርፍ እኔ አሥረኛ ክፍል፣ እሱ ስድስተኛ ክፍል ነበርን። ሁለት ልጅ የሚያስተምር ቡና ግቢያችን ውስጥ አልነበረም። በዓመቱ እኔ ሠራዊቱን ተቀላቀልኩ፤ እሱ ደብተሩን ይዞ ቀጠለ። ማንም ተቀምጦ «አንተ ሂድ፣ አንተ ቅር» ብሎ አልፈረደብንም። ታላቅ ስለሆንኩ የመሄዱ ተራ የእኔ ሆነ፣ በቃ።

ልጁ አላሳፈረንም። በ1997 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የደረሰው እዚያው ባሕር ዳር፣ ፔዳ ግቢ ነው። መቼም የባሕር ዳር ሰው «ፔዳ» እና «ፖሊ» ሲል የከተማውን ታሪክ እየተናገረ ነው። ፖሊ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው የፖሊ ቴክኒክ ተቋም ነው። ፔዳ ደግሞ በ1965 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የመምህራን ማሠልጠኛ ነው፤ ስሙም ፔዳጎጂ ከሚለው ተቆርጦ የቀረ ነው። ሁለቱ በ1992 ዓ.ም. ተዋህደው ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ወንድሜ የሒሳብ መምህር ሊሆን ገባ። እናታችን ሰው ባገኘች ቁጥር «ልጄ ፔዳ ነው» እያለች፣ ፔዳ ምን እንደሆነ ግን አታውቅም ነበር።

እኔ በ1998 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ ላይ ላይቤሪያ ገባሁ። የኢትዮጵያ ወታደር በሰው አገር ለሰላም ሲቆም ያ የመጀመሪያው አልነበረም። የቃኘው ሻለቃዎች ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ኮሪያ ዘምተዋል። በ1950ዎቹ ኮንጎ፣ በ1986 ዓ.ም. ሩዋንዳ፣ ከዚያም ቡሩንዲ ተሂዷል። ላይቤሪያን የምናውቃት በትምህርት ቤት ነው፤ እንደኛው በቅኝ ሳትገዛ የኖረች አገር ተብላ። ያየናት ላይቤሪያ ግን ከ1982 እስከ 1995 ዓ.ም. ድረስ በመካከሉ ጥቂት ዓመት ብቻ ረገብ ባለ ጦርነት የነደደች ነበረች። በሁለቱ ጦርነቶች ያለቀው ሕዝብ 250 ሺህ ይገመታል። የተባበሩት መንግሥታት ጦር የገባው በመስከረም 1996 ዓ.ም. ነው። እኛ ስንደርስ ኤለን ጆንሰን ሰርሊፍ ቃለ መሐላ ከፈጸሙ ገና ጥቂት ሳምንት ነበር። በአፍሪካ በሕዝብ ምርጫ ርዕሰ ብሔር የሆኑ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። የእኛ ምድብ በምሥራቅ በኩል፣ ወደ ኮትዲቯር ድንበር፣ ዝዌድሩ በምትባል ከተማ ዙሪያ ነበር።

ልጁ የሠራው ሒሳብ

ግንቦት ላይ ከአገር ቤት ተለውጠው ከመጡ ልጆች አንዱ ፖስታ ሰጠኝ። የወንድሜን እጅ ጽሑፍ ሳይ ደስ አለኝ። ሰላምታው እንደተለመደው ነው። ከሰላምታው በታች ያለው ግን የተለመደ አይደለም። እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ አስቤበታለሁ፤ እንዳትቆጣኝ። አንተ በላክኸው ገንዘብ የእማዬ ቤት ቆርቆሮ ለበሰ። ከአንተ በፊት ግዳጅ የሄደው የሠፈራችን ልጅ ተመልሶ ባሕር ዳር ሚኒባስ ገዛ። እኔ ተመርቄ አስተማሪ ብሆን፣ እሱ በአንድ ዓመት ያገኘውን በስንት ዓመት እንደማገኘው በሒሳብ ሠርቼዋለሁ። ጠመኔ ቆርቆሮ አይገዛም። ዘንድሮ ፈተናውን እጨርስና አልመለስም። ተመዝግቤ አንተ የሄድክበት መንገድ እሄዳለሁ። ሁለት ሆነን ብንሠራ እማዬ ታርፋለች።»

ወገኖቼ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ?

ድንኳን ውስጥ ለነበሩት አነበብኩላቸው። አንዱ «በአባትህ አጥንት አምለውና ዝም በል፤ ታናሽ ምን ምርጫ አለው?» አለ። ሌላው «ተወው፤ ወንድ አይደለም እንዴ? እኛ ሞተናል?» አለ። ሁለቱም ያሉት እውነት ነበረበት። የመጀመሪያውን ብከተል ልጁ እኔን ፈርቶ ይቀመጣል፤ ልቡ ግን አይቀመጥም። ሁለተኛውን ብከተል ደግሞ ምንም እንዳልጠፋ ቆጥሬ መተዌ ነው። «ውትድርና መጥፎ ነው» ብዬ መጻፍም አልቻልኩም። ያበላኝን፣ እሱንም ያስተማረውን ሥራ እንዴት ብዬ አዋርደዋለሁ? የለበስኩትስ የአገሬን ባንዲራ አይደለም?

ስለዚህ ልጁ የሒሳብ ተማሪ ነውና በሒሳብ ልመልስለት ወሰንኩ። እሱ የገቢውን ዓምድ ብቻ ነው የጻፈው። የወጪውን ዓምድ እኔ ሞላሁለት።

የወጪው ዓምድ

በመጀመሪያ ገንዘቡን በግልጽ ጻፍኩለት። የተባበሩት መንግሥታት በዚያ ጊዜ ለአንድ ወታደር በወር 1 ሺህ 28 ዶላር ይከፍል ነበር። የሚከፍለው ግን ለወታደሩ ሳይሆን ጦሩን ለላከው መንግሥት ነው፤ መንግሥታት ደግሞ በየራሳቸው ደረጃ ለወታደሮቻቸው ይሰጣሉ። ድርጅቱ ለወታደሩ ብሎ የሚሰጠው የቀን አበል 1 ዶላር ከ28 ሳንቲም ነው። በዚያን ጊዜ ምንዛሪ ወደ 11 ብር መሆኑ ነው። «አሥራ አንዷን ብር በቀን ሃያ አራት ሰዓት አካፍላት፤ አንተ ትችላለህ» አልኩት።

ቀጥዬ ዝናቡን ጻፍኩ። ባሕር ዳር በዓመት የምታገኘው ዝናብ 1 ሺህ 400 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የላይቤሪያ ዋና ከተማ ሞንሮቪያ ከሦስት እጥፍ በላይ ታገኛለች። እኛ ያለንበት ጫካ የሞንሮቪያን ያህል ባይሆንም፣ ሲጀምር ጫማ የሚደርቅበት ቀን አልነበረም። መንገዱ ቀይ አፈር ነው፤ መኪናው እስከ ወገቡ ሲሰምጥ ገፍተን እናወጣዋለን፣ መቶ እርምጃ ሳንሄድ እንደገና ይሰምጣል።

ወባዋን ጻፍኩ። እኛ የጣና ዳር ልጆች ወባን ከልጅነት እናውቃታለን፤ የዚያ አገሯ ግን ሌላ ነች። ሁለቴ ይዛ ጥላኛለች። በአሥራ አራት ዓመት ተኩል ውስጥ፣ እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ፣ ያ ግዳጅ ወደ 200 የሚጠጋ የብዙ አገር ሰው ሕይወት አስከፍሏል። አብዛኛውን የገደለው ጥይት ሳይሆን በሽታ ነው። ይህ ጠቅላላ ድምሩ በኋላ የተሰማ ነው፤ በጊዜው እኔ የጻፍኩለት ትኩሳት ይዞኝ እናታችንን ስጠራ ያደርኩበትን ሌሊት ነበር።

ለቅሶውንም ጻፍኩ። ያሳደገችኝ አክስታችን ማረፏን የሰማሁት አርባዋ ከወጣ በኋላ ነው። ብቻዬን ከካምፑ አጥር ጥግ ሄጄ አለቀስኩ። ዓይኔ ቀልቶ ስመለስ «ምን ሆንክ?» አሉኝ፤ «አቧራ ገባብኝ» አልኩ። በዚያ ዝናብ አቧራ ከየት መጥቶ! ልጆቹ ግን ገባቸው፤ አንዱ ሻይ አፍልቶ አመጣልኝ። ለቅሶ ደራሼ እሱ ሆነ።

ይህን ሁሉ ስጽፍ እንዲያዝንልኝ ብዬ አይደለም። «ይኸውልህ፣ ቆርቆሮው የተገዛው በዚህ ነው። ያኛውን ዓምድ አይተሃል፣ ይህኛውንም እይና ደምር» ነው ያልኩት።

ሰባት ጊዜ ስምንት

በደብዳቤዬ መጨረሻ ግን ያነሳሁት ስለ ራሴ አልነበረም።

እኛ ከመሄዳችን በፊት፣ ከኅዳር 1996 እስከ ጥቅምት 1997 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ከ100 ሺህ በላይ ላይቤሪያዊ ትጥቅ ፈትቷል። መሣሪያ ላስረከበ 300 ዶላር በሁለት ዙር ይሰጠዋል፤ ከዚያም ወይ ሙያ ይማራል፣ ወይ ትምህርት ቤት ይገባል። ብዙዎቹ ትምህርት ቤት መርጠዋል። ብዙዎቹም ጠመንጃ ያነሱት ሕፃናት ሳሉ ነው።

ከጥበቃ ቦታዬ አጠገብ የሚያልፍ አንድ ወጣት ነበር። ሃያ አንድ ዓመቱ ነው፤ የወንድሜ እኩያ። አራተኛ ክፍል ነው፤ አብረውት የሚማሩት የአሥር ዓመት ሕፃናት ናቸው። ጠዋት ጠዋት ሲያልፍ እጁን ያነሳልኛል፣ እኔም አነሳለታለሁ። አንድ ቀን ደብተሩን ዘርግቶ መጣና ያባዛውን እንዳይለት ጠየቀኝ። ሰባት ጊዜ ስምንት ሃምሳ አራት ብሎ ጽፏል። «ሃምሳ ስድስት ነው» አልኩት። ጣቱን በምራቁ አርሶ አጠፋና ሃምሳ ስድስት ብሎ ጻፈ። ከዚያ ሳቀ፤ እንደ ልጅ።

ያ ልጅ አንድ የክላሽ ካዝና ሠላሳ ጥይት እንደሚይዝ ያውቃል። በዘጠኝ ዓመቱ ነው የቆጠረው። ሰባት ጊዜ ስምንትን ግን በሃያ አንድ ዓመቱ ነው የደረሰባት።

«ወንድም አለህ?» አለኝ። አለኝ አልኩት። «ምን ይሠራል?» «ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ይማራል።» ልጁ ዝም ብሎ አየኝና «ዕድለኛ ነው፤ ማን አስተማረው?» አለኝ። መልስ ሳልሰጠው ተራዬ ደርሶ ተጠራሁ።

ይህንን ልክ እንደሆነው ጻፍኩለት። «እንግዲህ ተማር» አላልኩም። «አየህ!» አላልኩም። የጨመርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እዚህ አገር ልጆች ጠመንጃ አስረክበው ደብተር ይቀበላሉ። አንተ ደብተር አስረክበህ ጠመንጃ ልትቀበል ነው። እኔ አልከለክልህም። የቀረህ አንድ ዓመት ነው። ከተመረቅህ በኋላም ልብህ ያው ከሆነ፣ እጅህን ይዤ ምዝገባው ድረስ የምወስድህ እኔ ነኝ። ሠራዊቱም የተማረ ሰው አይጠላም።» ፖስታውን ዘግቼ ወደ አገር ቤት ለሚመለስ ልጅ ሰጠሁት።

መልሱ

ሰኔ አለፈ። ሐምሌ ገባ። ሐምሌ 19 የላይቤሪያ የነፃነት ቀን ነው፤ በዚያን ዕለት ሞንሮቪያ ውስጥ ከአሥራ አምስት ዓመት ጨለማ በኋላ የመንገድ መብራት በጄኔሬተር በራ። ሬዲዮ ስንሰማ ሰዉ እንደ ሠርግ ይጨፍራል። እኔ ደግሞ ፔዳ የመኝታ ክፍል አምፖል ሥር ያለ አንድ ልጅ ደብተሩን ዘግቶ ወጥቶ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

የወንድሜ ደብዳቤ ነሐሴ ላይ ደረሰኝ። ስድስት ገጽ ነው። ስለ ውሳኔው ወዲያው አልጻፈም። ሐይቁ እንደሞላ ጻፈ። በ1995 ዓ.ም. ጣና እንደዚያ ወርዶ ጀልባ ሁሉ የተቸገረ ጊዜ ስንጨነቅ ስለነበር፣ ያቺ ወሬ ምን ያህል እንዳስደሰተችኝ አትጠይቁኝ። ታንኳችን ደንገሉ በስብሶ እንደ አዲስ መታሰሩን፣ የእማዬ ጥርስ መነቀሉን፣ ቡናው ዘንድሮ አበባው እንደበዛ ጻፈ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ እንዲህ አለ፦

«ጋሼ፣ አንተ የደበቅከውን ስለነገርከኝ እኔም የደበቅሁትን ልንገርህ። እኔን ያስነሳኝ ገንዘብ አይደለም። ምሳ ሰዓት ሰልፍ ላይ ሆኜ አንተ ትዝ ስትለኝ እንጀራው ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። አንተ በእኔ ፈንታ ደብተርህን ዘጋህ። አሁን ደግሞ በእኔ ፈንታ ዝናብ ላይ ትቆማለህ። ለፎቶ ኮፒ ብለህ የላክህልኝን ገንዘብ አልነካሁትም፤ የጓደኞቼን ወረቀት እየለመንኩ በእጄ ስገለብጥ ከረምኩ። ውለታህን የምከፍልበት መንገድ ስላጣሁ፣ አጠገብህ መጥቼ መቆም ይሻላል ብዬ ነው።»

እንግዲህ ፍረዱ! እኔ ልጁ ሚኒባስ አምሮት ነው ብዬ የሒሳብ መልስ ስጽፍ፣ እሱ ለካ ያበላሁትን እንጀራ መዋጥ አቅቶት ነበር። የእኔ «በስተቀር» እንደነበረችኝ ሁሉ፣ ለካ እሱም የራሱ «በስተቀር» ነበረችው። የእኔ ቀድማ ባትወጣ ኖሮ የእሱ አትወጣም ነበር። ሁለታችንም «ደህና ነኝ» ተባብለን፣ ልጁ ፊርማውን ፈርሞ እናገኘው ነበር።

ለመጨረሻው ጥያቄ የምመልሰውን ለማግኘት ብዙ አላሰብኩም። ውለታ የከበደው ሰው «ተወው፣ ምንም አይደለም» ሲሉት አይቀለውም፤ ይብሰዋል። የሚቀለው ሥራ ሲሰጡት ነው። ስለዚህ ሥራ ሰጠሁት። «ዕዳህን እንዲህ ትከፍላለህ» አልኩት። «በወር አንድ ጊዜ በጀልባ ዘጌ ትሄዳለህ። የእኔን ደብዳቤ ለእማዬ ታነብላታለህ። የእሷን መልስ እንደ አፏ ትጽፍልኛለህ፤ ሳታሳምር። ክረምት ክረምት የጎረቤቶቻችንን ልጆች ሒሳብ ታስጠናለህ። የፎቶ ኮፒውን ገንዘብ ትጠቀምበታለህ፤ ያ ገንዘብ የእኔ ትምህርት ነው፣ አንተ ዘንድ አስቀምጬው ነው እንጂ አልተውኩትም።»

ከዚያ በኋላ ደብዳቤዬን በሁለት ወረቀት መጻፍ ጀመርኩ። አንዱ የእናቴ ነው፤ «ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ» የሚለው። እሷ ብትሰማው መሸከም እንጂ ምንም ልታደርገው አትችልምና የወጪውን ዓምድ አላሸከምኳትም። ሁለተኛው ወረቀት የወንድሜ ነው፤ እንዳለ፣ እንደሆነ። እናት ግን እናት ናት። አንድ ቀን ልጁን «ያቺ ሌላዋ ወረቀት ስለ ምንድን ናት?» ብላ ጠየቀችው። «ስለ ትምህርት ናት» አላት። «ታዲያ ስለ ትምህርት ከሆነች፣ ስታነባት ለምን ፊትህ ይጠቁራል?» አለችው። ይህንንም እንደ አፏ ጻፈልኝ። ያን ቀን ጥበቃ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ቀጥሎ ደግሞ አልሳቅሁም።

ለዛሬ ልጆች

ወንድሜ በ1999 ዓ.ም. ተመረቀ። እኔም በዚያው ዓመት ቀድሜው ተመልሼ ነበር። ቃሌ ቃል ነውና «ልብህ ያው ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ ላስተምር» አለኝ። ይኸው እስካሁን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል። ሀብታም ሆነ ብዬ አልዋሻችሁም። የአስተማሪ ደመወዝ ምን እንደሆነ የምታውቁት ነው። ወሩ ሲጋመስ አንዳንዴ «ጋሼ፣ ያኔ ሄጄ ቢሆን እኮ…» ይላል። እኔም አልከራከረውም። የሠራው ሒሳብ በገንዘብ በኩል ትክክል ነበር። በሌላው በኩል ግን፣ ያስተማራቸው ልጆች መንገድ ላይ «ቲቸር!» እያሉ ሲያቆሙት አብሬው ቆሜ አይቻለሁ። እኔን እንዲያ ብሎ ያቆመኝ የለም፤ ዝዌድሩ ካለው ያ ልጅ በቀር።

ዛሬ ደብዳቤ ቀርቷል። ደቡብ ሱዳንና ሶማሊያ ያለው ወታደር፣ ቤይሩትና ጅዳ ያለችው እህት በስልክ ፊታቸውን እያሳዩ ያወራሉ። ደስ ይላል። ነገር ግን በነጭ መኪና አጠገብ ተቁሞ የሚላክ ፎቶ፣ የያኔው «ደህና ነኝ» ነው። ልጁ የሚያየው መኪናውን ነው። ወደ መኪናው ያደረሰውን ጭቃ አያይም። በየግቢው ደግሞ ስንት ተማሪ አለ፤ ፎቶውን እያየ ደብተሩን የሚዘጋ!

ስለዚህ ውጪ ያላችሁ ታላላቆች፣ ገንዘብ ስትልኩ ዋጋውንም ላኩ። ለማስጨነቅ ሳይሆን ለማሳወቅ። ለእናት የሚነገረውንና ለወንድም የሚነገረውን ለዩ። «ተማር! ተማር!» የሚል ምክር ልጁ ከተወለደ ጀምሮ ሰምቶታል፤ አዲስ የሚሆንበት የእናንተ አንድ ቀን እንዴት እንደሚውል ነው። «አልማርም» ሲልም ከመቆጣታችሁ በፊት ጠይቁት። አፉ ገንዘብ እያለ ልቡ ሌላ ሊል ይችላል።

እናንተም የምትማሩ ታናናሾች፣ ለተላከላችሁ ገንዘብ «ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ» ብላችሁ አትዝጉ። ያ ሰው የሚራበው ምስጋና አይደለም። ሐይቁ መሙላቱን፣ ቡናው ማበቡን፣ የእማዬ ጥርስ መነቀሉን ነው የሚራበው። ቤቱን በቃላችሁ ውሰዱለት። የተከፈለላችሁም ከከበዳችሁ ንገሩት፤ ሥራ ይሰጣችኋል። እሱን ብድር መክፈል የሚቻለው አጠገቡ ሄዶ በመቆም ብቻ አይደለም። እሱ የዘጋውን ደብተር ጽፎ በመጨረስም ይቻላል።

በየበረሃው፣ በየጫካውና በየሰው አገር ያላችሁትን ሁሉ በሰላም ለቤታችሁ ያብቃችሁ። ቸር ወሬ ያሰማን።